እትዬ ጽጌና በስልክ ደህና የነበሩት ሰዎች

የእትዬ ጽጌን ሞት የነገረኝ ጎባ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር አንድ አስተማሪ ነው። ሮቤ ድረስ መጥቶ፣ አሁን ከምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ጠበቀኝና መጀመሪያ «ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ አልኩ። ጠዋት ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ቧንቧው አጠገብ እንደ ወደቁ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ እንዳለፉ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ከማልቀሴ በፊት «ማን አየ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። «ያነሳኋቸው እኔ ነኝ» አለ። ያኔ አመንኩ።

ሐዘን ሲነገር እንዲህ ተብሎ እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። ግን ከእትዬ ጽጌ ጋር ሦስት ዓመት ገደማ የሠራ ሰው ይህ ነገር ይጋባበታል። «በዓይንሽ አይተሻል?» ይሉ ነበር፤ ዝናብ ዘነበ ስላቸውም፣ ዶክተሩ መጣ ስላቸውም፣ መብራት ጠፋ ስላቸውም።

ደግ ሴት ነበሩ ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ደግነታቸውን ግን ያየሁት በጣም ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጥርጣሬያቸውን ነው፤ እኔም ብሆን ለረጅም ጊዜ የሚደብቁት ነገር አለ ብዬ ስጠረጥራቸው ኖሬያለሁ።

የተዋወቅነው ሮቤ ውስጥ በአንድ የግለሰብ ቤት ተከራይቶ በተከፈተ የጥናት ቢሮ ነው። ጥናቱ ስለ አፍ ካንሰር ነበር። ምላሱ ወይም ድዱ ላይ አልድን ያለ ቁስል ይዞ ከመጣ ሰው፣ ከቁስሉ ምስር የምታህል ሥጋ ትወሰዳለች። ሥጋዋ በሰም ውስጥ ትቀበራለች፤ ከዚያ ከወረቀት በሳሳ ውፍረት ትቆረጥና መስታወት ላይ ተለጥፋ ቀለም ይፈስባታል። ቀለሙ የሚይዘው አንድ ዓይነት ፕሮቲን ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ከበዛ መስታወቱ ቡናማ ይሆናል፤ ከሌለ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ሌላ አገር የተጠና ነገር አለ፤ ቡናማው የበዛበት ሰው በሽታው ቶሎ ይመለስበታል፣ ዕድሜውም ያጥራል ይላል። በባሌ ሰው ላይም እንደዚያ ነው ወይ? ከሆነ ገና ከመጀመሪያው የትኛውን በሽተኛ በቅርብ መከታተል እንዳለብን እናውቃለን። የተቀጠርነው ይህን ለማየት ነው።

መስታወቱን የሚያነቡት እትዬ ጽጌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ የቆዩ ባለሙያ ናቸው። እኔ በነርስነት ተመርቄ ሥራ አጥቼ ከቆየሁ በኋላ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገባሁ፤ ሥራዬ በየሦስት ወሩ ለበሽተኞቹ እየደወልኩ በሕይወት መኖራቸውንና ቁስሉ ተመልሶ እንደሆነ እየጠየቅኩ ቅጽ መሙላት ነው። በጥናቱ ሕግ እሳቸው የሚያዩት ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም አያውቁም። እኔ ስሙን አውቃለሁ፤ መስታወቱን አላይም። ይህ የተደረገው አንዱ የሌላውን ፍርድ እንዳያዛባ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ፣ አስተባባሪያችን ዶክተር ያሬድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እትዬ ጽጌ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አጭር ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ነጭ ጋዋናቸው እስከ ጉሮሯቸው ተቆልፏል።

«ማን ነው ያስቀጠረሽ?»

«ማስታወቂያ አይቼ ተወዳድሬ ነው።»

«የት ተለጥፎ አየሽው?»

«ግንብ ላይ።»

«የቱ ግንብ?»

«የመናኸሪያው።»

በማግስቱ ከጎባ ሲመጡ ከሚኒባስ ወርደው ግንቡን አይተው እንደመጡ ነገሩኝ። «የተቀደደ ወረቀት አለ» አሉ። «የእኛው ይሁን የሌላ አልለየሁትም።»

እንዲህ ነበሩ። ስብሰባ ስምንት ሰዓት ነው ሲባሉ ሌላ ሰው ጠርተው ይጠይቃሉ። ወተት ከመጠጣታቸው በፊት ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ከዚያም አንዳንዴ ይተዉታል። የመስታወቶቹን ቁም ሳጥን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያስሩታል፤ ወደ ቤት ሲሄዱ ደግሞ በሳጥኑ መዝጊያ ላይ ቀጭን ክር ያሳልፋሉ፣ ጠዋት ክሩ እንዳለ መሆኑን ያያሉ። አባታቸው በውትድርና ከሸዋ መጥተው ጎባ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን ጎባ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ኦሮምኛቸው የገበሬ ኦሮምኛ ነው፤ ገበያ ላይ ሲከራከሩ የሰማ ከተሜ አይላቸውም።

አንድ ቀን ምሳ በልቼ ቶሎ ስመለስ እትዬ ጽጌን የእኔ መደርደሪያ አጠገብ አገኘኋቸው። የቅጾቹ ፋይል ተከፍቷል። በእጃቸው ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ደብተር ይዘዋል።

«ምን ፈልገው ነው እትዬ?»

«እስክርቢቶ።»

እስክርቢቶ ጆሯቸው ላይ ተሰክቷል። አየሁት፤ ማየቴንም አዩ። ፋይሉን ዘግተው ሄዱ።

ስም ማየት አልነበረባቸውም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አልሠራሁም፤ ሳስብ ዋልኩ። ቁጥሩን ከስም ጋር ለማገናኘት ለምን ፈለጉ? ለማን ሊሰጡት ነው? በማግስቱ ለዶክተር ያሬድ ነገርኩት። እሱም አስጠርቶ አስጠነቀቃቸው። የጠቆመው ማን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ ግን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ አቆሙ። እኔም መደርደሪያዬ ላይ ቁልፍ አስገጠምኩ። አንድ ኮሪደር ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ቁልፍ ይዘን ወራት ተቀመጥን።

ከዚያ ዶክተር ያሬድ የመጀመሪያውን ውጤት አወጣና ሰበሰበን። ፊቱ ደስተኛ አልነበረም። ቡናማ መስታወት ያላቸው ሰዎች፣ ቶሎ ይሞታሉ የተባሉት፣ በእኔ ቅጽ ላይ አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ ደህና ናቸው። ፈዛዛዎቹ ደግሞ ከእነሱ የተሻሉ አይደሉም። «ወይ ይህ ፕሮቲን እዚህ አገር ምንም አይጠቁምም፣ ወይ ደግሞ ቀለሙ ላይ ችግር አለ» አለ። ቀለሙ ላይ ችግር አለ ሲል ማንንም አላየም፤ የቀረነው ሁሉ ግን እትዬ ጽጌን አየን። ቁጥር አቀያይረው ይሆናል። ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል። እኔ ደግሞ ከዚያም የባሰ አሰብኩ።

እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን አወለቁ። «መስታወቴን እኔ አይቻለሁ። ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ላኩት፣ ሌላ ሰው ይየው» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ የጻፈችውን ግን ማን አይቶታል?»

እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

መስታወቶቹ አዲስ አበባ ወደ አንድ ላብራቶሪ ተላኩ። በተመለሱ ጊዜ የዚያኛው አንባቢ ንባብ ከእትዬ ጽጌ ንባብ ጋር አንድ ሆኖ መጣ። ቡናማው ቡናማ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ቦታ ለቅቆ እኔ ላይ መጣ። ዶክተር ያሬድ በጨዋነት ነው የጠየቀኝ፤ «ሰናይት፣ ሁሉንም ደውለሽ ነው የሞላሽው?» አለ። እዚያው ፊቱ ስልኬን አውጥቼ የደወልኩባቸውን ቁጥሮች ዝርዝር አሳየሁት። አንድም የዘለልኩት ሰው የለም።

እትዬ ጽጌም ዝርዝሩን በራሳቸው ዓይን ማየት ፈለጉ። ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩትና «ደውለሻል» አሉ፤ ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ «እስቲ አሁን አንዱ ጋ ደውይ። ድምፁን ክፈችው» አሉኝ። ዶክተሩ አልከለከለም። የመረጡት ሰው ኦቦ ከድር የሚባሉ የዲንሾ ገበሬ ነው።

ያነሳው እንደ ወትሮው ወንድማቸው አማን ነው። «አካም ጅርቱ» ተባባልን፤ ከብቱ ደህና፣ ገብሱ ደህና፣ ብርዱ እንዴት ነው ተባለ።

«ኦቦ ከድርስ እንዴት ናቸው?» አልኩ።

«ነጋ ነው» አለ በኦሮምኛ፤ «ደህና ነው።»

«ቁስሉ አልተመለሰባቸውም?»

«አልተመለሰም። አሁን አያመውም።»

«ሊያገናኙኝ ይችላሉ?»

«አሁን እዚህ የለም» አለ።

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ጽጌ የድሮ ቅጾቹን አስወጡኝ። ባለፈው ጊዜ የት ነበሩ? ገበያ። ከዚያ በፊትስ? ከብት ጋር። ከዚያ በፊት? ገበያ።

«ይህን ሰውዬ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁን ሰምተሻል?»

የመጀመሪያውን ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። የብዙዎቹም እንደዚያው ነው። ስልኩ የልጅ ነው፣ የወንድም ነው፣ የጎረቤት ነው። ደህና ነው ይሉኛል፤ ደህና ነው ብዬ እሞላለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችን ዲንሾ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከመንገዱ ወርደን በገብስ ማሳ መካከል ስንሄድ ነፋሱ ነጠላችንን ይነጥቀን ነበር። አማን ደጁ ላይ ኮርቻ ሲጠግን አገኘነው። ገና ሰላም ስለው ቀና አለ።

«የስልኳ ልጅ ነሽ» አለኝ። በድምፄ ለየኝ።

እትዬ ጽጌ በኦሮምኛ «ከድር የት ነው?» አሉት። አማን ኮርቻውን መሬት አስቀመጠና ከቤቱ በላይ ወዳለው ጉብታ፣ ድንጋይ ወደተከመረበት ቦታ በእጁ አሳየን።

«ዓመት አልፎታል» አለ።

ዓመት ሙሉ እየደወልኩ የሞተ ሰው ሰላም ስል ኖሬያለሁ። «ለምን ደህና ነው አልከኝ?» አልኩት፤ ተቆጥቼ ነው ያልኩት።

«ምን ልበልሽ? መርዶ በስልክ ይነገራል? አንቺ ደስ ብሎሽ ትደውያለሽ፤ እንዴት ናቸው ትያለሽ። የማን ልጅ እንደሆንሽ አላውቅ። አጠገብሽ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅ። ቆመሽ ይሁን ተቀምጠሽ አላውቅ። እኔ ነኝ በዚያ ነገር የምጥልሽ?» ቀጥሎም ጨመረ፤ «አያመውም ያልኩሽ ደግሞ ውሸት አይደለም።»

እትዬ ጽጌ መሬት ላይ ተቀመጡ። ደክሟቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሐዘን መቀመጣቸው ነው።

«አሁን እኔ ልጠይቅ» አለ አማን፤ ፊቱ ተለወጠ። «ከአፉ የቆረጣችሁትን የት አደረጋችሁት? ሬሳው ሲታጠብ ያጠቡት ሽማግሌ ጎደሎውን አይተው ጠየቁኝ። እዚህ ሰው ሸጡት ይላል። ለምን እንደምትደውሉም ማንም አያውቅም። አንዳንዱ መሞቱን እየጠበቁ ነው ይላል።»

ምን ብለን እንደምንመልስ እያሰብኩ ነበር። እትዬ ጽጌ ግን አላሰቡም። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው አሳዩት። «አልተሸጠም። ሮቤ ነው ያለው፤ የምዘጋበት ቁልፍ ይኸው። በሰም ውስጥ ናት፣ ምስር ታህላለች። ዓይኔ ከእሷ ላይ ተነቅሎ አያውቅም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «መሞቱን እየጠበቁ ነው የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የሚሞተውንና የሚኖረውን ቀድሞ ለማወቅ ነው የምንሠራው። ያን በትክክል ሳንነግራችሁ ከወሰድን በድለናል።»

«ትመለሳለች?» አለ አማን።

«እሺ ብዬ አልዋሽህም። እጠይቃለሁ።»

ጠየቁ። በደብዳቤ፣ እንደገና በደብዳቤ፣ ቢሮውን እስኪያሰለቹት ድረስ ጠየቁ። በመጨረሻ ተፈቀደና አማን መጥቶ ፈርሞ ወሰዳት። ጉብታው ላይ እንደቀበራት ሰምቻለሁ።

ያን ቀን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እትዬ ጽጌ ሳያዩኝ ተናገሩ። «ጎባ ሆስፒታል የናሙና ጠርሙሱን ከከድር እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስም አልጠየቅኩም፤ ፊት ግን እንዴት ይረሳል? ያኔ አብሮት የመጣውን ወንድሙን ኋላ ገበያ አየሁት። ስለ በሽተኛው ስጠይቀው አቀረቀረና ጥሎኝ ሄደ። ያን ቀን በጠርሙሱ ቁጥር ፈልጌ ያንቺ ቅጽ ምን እንደሚል ለማየት ነው መደርደሪያሽ ጋ የመጣሁት። ደህና ነው ይላል። በልብሽ እየፈጠርሽ የምትሞዪ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?»

ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም መጠቆሜን አልተናገርኩም፤ ያውቁታልና።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ በየገጠሩ ዞርን። የብዙዎቹ ነገር እንደ ከድር ሆነ። ሰው ደጅ ስንደርስ ፊታችንን አይተው፣ አስቀምጠውን፣ ውሃ ሰጥተውን፣ ቀስ ብለው ይነግሩናል። ሪራ ላይ አንዲት ማር ሻጭ ሴት ሞታለች ብለን ተዘጋጅተን ሄደን በሕይወት ወጥታ ተቀበለችን፤ እትዬ ጽጌ መታወቂያዋን ካላየሁ አላምንም ብለው ሴትዮዋን አስቀየሙ።

ከሪራ ጫካውን ወርደን ብድሬ ስንደርስ ጀርባችን ተሰባብሯል። እዚያ የምንፈልገው ኦቦ ጀማልን ነው፤ የከብት ደላላ ናቸው። እውነትም በሕይወት አገኘናቸው፤ ገበያው መካከል በዱላቸው ተደግፈው ይከራከሩ ነበር። በቅጹ ላይ ደህና ናቸው፣ ሳያቸውም ደህና ናቸው። እኔ ደስ አለኝ። እትዬ ጽጌ ግን ደስ አላላቸውም። ቁጥሩን ከቅጹ ላይ ለይተውት ኖሯል፤ የኦቦ ጀማል መስታወት ከሁሉ የጠቆረው እንደነበር ኋላ ነው የነገሩኝ።

ቤታቸው ወስደውን ሚስታቸው አዴ ዘይነባ ምሳ አቀረቡልን። እትዬ ጽጌ አልበሉም፤ ሰውዬው ሲበሉ ያያሉ። ኦቦ ጀማል ይህን ልብ አሉት።

«አንቺ ሴትዮ ምን ታዪብኛለሽ?»

«በቀኝ በኩል ብቻ ያኝካሉ።»

«ጥርሴ ነው።»

«ውሃ ሲጠጡ አንገትዎን ያዘነብላሉ።»

«ልማዴ ነው።»

«አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

«አልከፍትም። ባለፈው ስከፍትላችሁ ቆርጣችሁ ሄዳችሁ።» ሳህኑን ገፋ አደረጉት። «በዚያ መስታወትሽ ምን አየሽብኝ? ለዚያ አይደል የመጣሽው?»

እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። ውጤት ለበሽተኛ አይነገርም፤ ምክንያቱም ምን ማለት እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም። የእትዬ ጽጌን እጅ ያዝኩ፤ ቀስ ብለው አስለቀቁኝ።

«ቀለሙ ጠቁሯል» አሉ። «መጥቆሩ ምን ማለት እንደሆነ ገና አላወቅንም፣ ይህን ልብ ይበሉ። ጠቁሮበት ምንም የማይሆን ሰውም ሊኖር ይችላል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን ነገ ወደ ጎባ እሄድ ነበር።»

አዴ ዘይነባ ማልቀስ ጀምረው ነበር። ሰውዬው አልሄድም አሉ፤ አስፈራርታችሁ ሌላ ልትቆርጡ ነው አሉ፤ ከቤታቸውም እንድንወጣ ነገሩን። ወጣን። እትዬ ጽጌ መኪና እስክናገኝ ድረስ ጥጉ ላይ ቆመው ወደ ቤቱ ይመለከቱ ነበር።

በሳምንቱ ኦቦ ጀማል ከሚስታቸው ጋር ጎባ መጡ። ከምላሳቸው ሥር በሽታው ተመልሶ ነበር፤ ገና ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ተላኩ፣ የምላሳቸው ግማሽ ወጣ፣ ተረፉ። ይህ የሆነው በፕሮቲኑ ነው ወይስ አንዲት ሴት ሲበሉ ስላየቻቸው ነው ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

ቅጾቹ ተስተካክለው እንደገና ሲሰላ ነገሩ ተገለበጠ። ከቡናማዎቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ መስታወቱ የተናገረው ከመቃብር ጉብታዎቹ ጋር ገጠመ። ዶክተር ያሬድ እትዬ ጽጌን አመሰገናቸው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከፕሮጀክቱ የሚያሰናብታቸውን ደብዳቤ ሰጣቸው፤ ስም በማየታቸውና ለበሽተኛ ውጤት በመናገራቸው። ከበላይ የመጣ ነው አለ። እትዬ ጽጌ ማኅተሙን ብርሃን ላይ አድርገው አዩ፤ ትክክለኛ መሆኑን ሲያረጋግጡ ደብዳቤውን አጣጠፉት።

«ሕጉ ትክክል ነው» አሉት። «እኔም ትክክል ነኝ። አንተም ታዘህ ነው።»

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ቁም ሳጥኑን አስከፍተውኝ መስታወቶቹን አንድ በአንድ በፊታቸው አስቆጠሩኝ፣ አስፈረሙኝ። ሲወጡ «ክሩን አትርሺ» አሉኝ። ያ ነው የተሰነባበትነው።

ፕሮጀክቱ ተዘግቶ እኔም ወደ ክሊኒኩ ከገባሁ በኋላ አልፎ አልፎ ጎባ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር። ያጫውቱኛል፤ ግን ቅዳሜ ስሄድ አንዳንዴ ቤታቸው አላገኛቸውም። የት ሄደው እንደሆነ ስጠይቅ ነገር ያዞራሉ። አሁንም የሚደብቁት ነገር አላቸው ብዬ አስብ ነበር።

እትዬ ጽጌ ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ከአዴ ዘይነባ ስልክ ተደወለልኝ። «ጽጌ በዚህ ወር ትመጣለች ብለን ስንጠብቅ ቀረች። ስልኳም አይሠራም። ደህና ናት?» አሉኝ።

ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜያለሁ። አዴ ዘይነባ የት ሆነው እንደሚያወሩኝ አላውቅም፤ ከኋላቸው የፍየል ጩኸት ይሰማኛል። አፌን ከፈትኩ።

«ደህና ናቸው» አልኩ። «ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ።»

ሄድኩ። የሳነቴ ተራራ ጉም እስከ ሪራ አልለቀቀንም። ብድሬ ስደርስ ኦቦ ጀማል ከአጥራቸው ውጭ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ጠጋ ስል ከኋላዬ ሌላ የሚመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ ተመለከቱ።

«ብቻሽን ነሽ» አሉ። ንግግራቸው ከምላሳቸው ጉድለት የተነሳ ይንሸራተታል፤ ይህን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ነገርኳቸው። አዴ ዘይነባ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ኦቦ ጀማል ተነስተው ወጡና ከብቶቹ መካከል ቆመው ቆዩ።

አዴ ዘይነባ ናቸው ያወሩኝ። እትዬ ጽጌ ከፕሮጀክቱ ከወጡ ጀምሮ በየሦስት ወሩ ሲመጡ ኖረዋል። ይመጣሉ፣ ይጣላሉ፣ የኦቦ ጀማልን አፍ አስከፍተው በባትሪ ያያሉ፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። «ተከልክያለሁና ለማንም እንዳትናገሩ ብላ አስምላን ነበር» አሉ። «አንድም ቀን አይዞህ ብላው አታውቅም። ያየችውን ብቻ ነው የምትነግረው። እሱ ግን የሚያምነው እሷን ነበር።»

ኦቦ ጀማል ተመለሱ። ከግድግዳው ላይ ባትሪውን አውርደው ሰጡኝ። በርጩማውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ተቀመጡና፣ ያ ሁሉ ዓመት ከእትዬ ጽጌ በቀር ለማንም አልከፍትም ያሉት ሰውዬ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

ነርስ ነኝ፤ ግን እንዲህ ተጠንቅቄ አይቼ አላውቅም። የተሰፋውን ቦታ አየሁ። የቀረውን ምላስ በጨርቅ ይዤ ወደ ግራ አዞርኩት፣ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ከሥሩ አየሁ። በጣቴ ዳሰስኩ። አንገታቸውን በሁለት እጄ ፈተሽኩ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሳቸው ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ።

«ዛሬ ቁስል አላየሁም፤ እብጠትም አልዳሰስኩም» አልኳቸው። «በሦስተኛው ወር መጥቼ ደግሞ አያለሁ።»